በእታለም ልክ

እህቴ ስትፈጠር ለልብስ ነው የተፈጠረችው። ይህን የምለው ደስ እያለኝ አይደለም። ትከሻዋ ቀጥ ያለ፣ አንገቷ መለሎ፣ ገና በልጅነቷ አሮጌ አንሶላ ጣል ቢያደርጉባት ቀሚስ የሚመስልባት ነበረች። እኔ ግን አዲስ ቀሚስ ብለብስም ጆንያ ነው የሚመስለው። እናታችን ልብስ ሰፊ ስለነበረች ልዩነታችንን በዓይን ሳይሆን በሜትር ታውቀዋለች። እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች ልጅ ከእህቷ በስንት ጣት እንደምታንስ ሳትጠይቅ ይነገራታል።

እታለም እላታለሁ፤ ታላቄ ናት። እሷ ተማሪ ቤት ገባች፤ እኔ የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። «ለአንድ ቤት አንድ አንባቢ ይበቃል» አለች እናቴ። ደግሞም ቁልፍ የሚተክል፣ ጠርዝ የሚያጥፍ፣ ወለል የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋታል። እኔ ተረፍኩላት። አልተማርኩም ብዬ ግን አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ስንቱን የተማረ አይቻለሁ፣ ገበያ ወጥቶ የበሰበሰ ሽንኩርት ተሸክሞ የሚገባ።

የምንኖረው በአንድ ክፍልና በአንዲት ጓዳ ነበር። የፊቱ ክፍል የእናቴ መሥሪያ ነው። መስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት፣ በመጋረጃ የተከለለ ቦታ። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ሚስማር አለ፤ የልክ ወረቀቶች በክር ተሰክተው ይንጠለጠሉበታል። እናቴ የደንበኞቿን ጀርባ፣ ደረት፣ እጅጌ ሁሉ ከወረቀት ቆርጣ ታስቀምጣለች፤ ጨርቅ ሲያመጡላት ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምራለች። ወረቀት አትመርጥም። ጋዜጣም፣ የስኳር መጠቅለያም፣ ያለቀ የእታለም ደብተርም ይሆናታል። ሰፈሩ ሁሉ ተቆራርጦ የተሰቀለ ይመስለኝ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጀርባ ብቻውን በር ያህላል።

አባቴ ጦርነት ላይ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ከተማችንን እሱ የሚዋጋቸው ሰዎች ያዟት፤ እሱ ከወዲያ ቀረ፣ እኛ ከወዲህ። ከወዲያ ደብዳቤ የተገኘበት ቤት ወዮለት። ያኔ ይህን የት አውቄ! የማውቀው «አባትሽስ?» ሲሉኝ «ሥራ ሄዷል» ማለት እንዳለብኝ ብቻ ነው። «ሌላ ቃል ብትጨምሪ ምላስሽን በዚህ ነው» ትለኛለች እናቴ፣ መቀሷን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገች። ስሜን ትታ ምላሶ ነበር የምትለኝ። አላበለችም። ያየሁትን ሁሉ ለደንበኛ የምዘከዝክ ልጅ ነበርኩ።

አልፎ አልፎ ክር ሻጯ ትመጣለች። ቅርጫት ሙሉ ክርና ቁልፍ የተሸከመች፣ ቁና ቁና የምትተነፍስ ወፍራም ሴትዮ። ከእናቴ ጋር ሲጨቃጨቁ ቤቱ ይናጋል።

«ይሄ ክር ነው የሸረሪት ድር?»

«ድር ከመሰለሽ ሸረሪቷ ጋ ሂጂና ግዢ!»

እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ሴትዮዋ ስትወጣ፣ እናቴ በሩን ገርበብ ታደርግና «ነይ፣ ልክሽን ልውሰድ» ብላ እታለምን ወደ መጋረጃው ታስገባታለች። እኔን በርጩማ አስይዛ ደጃፍ ላይ ታስቀምጠኛለች። «ሰው ሲመጣ ጮክ ብለሽ ጤና ይስጥልኝ በይ። ጮክ ብለሽ! ጨዋ ልጅ እንዲያ ናት።» ጨዋ አልነበርኩም፣ ድምፅ ግን ነበረኝ። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ አደነቁረዋለሁ። ዘበኛ ተደርጌ መቀመጤን ያወቅሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከቤት የተባረርኩ ነው የመሰለኝ።

ጀርባዬ ሁሉ ጆሮ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ የእታለም ሹክሹክታ ይሰማል፤ እየዘለለ፣ እየተደናቀፈ። እናቴ «ድገሚው» ትላለች። ትደግመዋለች። «ቁስሉስ ምን ሆነ ይላል?» «ደርቋል ይላል።» የማን ቁስል? እኔ የማውቀው ቁስል ጉልበቴ ላይ ያለውን ነው፤ እሱ ደግሞ አልደረቀም። ቀጥሎ አፍንጫ ሲሳብ እሰማለሁ፤ ስፒል ወጋት እላለሁ። ከዚያ የወረቀት ኮሽታ፣ ከዚያ የሙጫ ሽታ። ሙጫው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የሚማሰል ስለነበር ሾርባ ሾርባ ይሸታል፤ በሸተተኝ ቁጥር ይርበኛል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። በርጩማዬን ትቼ በመጋረጃው ጠርዝ አጮለቅሁ። እታለም በውስጥ ልብሷ ቆማለች። እናቴ ከኋላዋ ሆና ወረቀት ጀርባዋ ላይ በስፒል እያያዘች በመዳፏ ታለሰልሰዋለች፤ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ፣ ቀስ አድርጋ፣ ደግማ ደጋግማ። እኔን እንዲያ የዳበሰችኝን ቀን አላስታውስም። እኔን የምትነካኝ ፀጉሬን ስታበጥርና በጥፊ ስትለኝ ነው።

«ቀጥ በይ» አለቻት። «አባትሽ ጀርባሽ ላይ ነው።»

ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ቁጭ አለ፤ ኪራይ ሳይከፍል እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

በኋላ ሳህን ስናጥብ እታለምን ያዝኳት።

«አባባ ምን ላከልሽ?»

«ማን ላከ አለሽ?»

«ያ ወረቀትስ?»

«የቀሚስ ልክ ነው። ዝም ብለሽ እጠቢ።»

ደደብ ልጅ አልነበርኩም። ያገኘሁትን ይዤ ደመርኩ። አባቴ ካለበት ሆኖ ለእታለም የቀሚስ ልክ ይልካል። እናቴ ትለካላታለች። ሲመጣ ጨርቁን ተሸክሞ ይመጣና ሁሉም ይሰፋላታል። ሚስማሩ ላይ የእሷ ጥቅል እየወፈረ ሄደ። ጀርባ፣ ሌላ ጀርባ፣ እጅጌ፣ ደረት። የኔ? ምንም።

እናቴ ፊት ተገትሬ «ለኔስ?» አልኳት።

መኪናዋን ሳታቆም «ያንቺ ልክ ትንሽ ነው፤ አይችለውም» አለችኝ።

ስለዚህ ራሴ ልጨርሰው ተነሳሁ። ክር ሻጯ በሌላ ቀን ስትወጣ እስከ መታጠፊያው ተከትዬ ቀሚሷን ጎተትኩ። «ለአባባ ንገሪልኝ። ለኔም ይላክልኝ በይው። እኔም ጀርባ አለኝ።»

የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች። «እኔ የማንንም አባት አላውቅም። ክር ነው የምሸጠው» አለችኝና አንድ ቀይ ቁልፍ መዳፌ ላይ ጭና እየተንከባለለች ሄደች። ያን ለታ እናቴ ነገሩን ሰምታ ክንዴን የቆነጠጠችኝ ምልክቱ ሰነበተ። ሁሉም ተመሳጥረውብኛል አልኩ፤ ክር ሻጯም የእታለም ወገን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ ክር ሻጯ በቅርጫቷ ደብቃ የምታመጣቸውን የአባቴን ደብዳቤዎች ማቃጠል አልሆነላትም፤ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥም አትችልም። ስለዚህ ደብዳቤውን በሁለት የስኳር ወረቀት መሀል በሙጫ ታጣብቅና ዙሪያውን በልክ ትቆርጠዋለች። የኔ ጀርባ መዳፍ ቢያህል ነው፤ የደብዳቤው ጫፍ ይተርፋል፣ የተረፈውን መቀስ ይበላዋል። አንድ ፊደል እንዳይቆረጥ ሰፋ ያለ ጀርባ ያስፈልጋታል። ለምን በራሷ ልክ አላደረገችውም ትሉ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ለራሷ ስትሰፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእናቴ ልክ ሚስማሩ ላይ ቢገኝ የሰፈሩ ውሻ እንኳ ይጠረጥር ነበር። እንዲያው ቀሚስ የሚመስል ነገር ቆርጣ መስቀልም ትችል ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። የማይገጥም ልክ ቆርጣ አታውቅም፣ ለውሸትም ቢሆን። ለዚህ ነው እታለምን በየጊዜው አቁማ የምትለካት።

ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ለመጀመሪያዋ ደንበኛ እነግራት ነበር። አልነገሩኝም። ደግ አደረጉ።

አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎች መጡ። በር ላይ ነበርኩና «ጤና ይስጥልኝ!» አልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። አለቃቸው ስንጥር የሚያኝክ ሰውዬ ነው። መልስም አልሰጠኝ። ሣጥኑን ገለበጡት። ፍራሹን በቢላ ዘነጠሉት። የዱቄቱን ጣሳ ወለሉ ላይ ደፉት፤ እኔ ራሴ የጠረግሁት ወለል ላይ! እናቴ የሰው ቀሚስ ላይ እጅጌ እየገጠመች ነበር፤ መኪናዋን አላቆመችም። እታለም ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

ሰውዬው ሚስማሩ ጋ ደረሰ። ወረቀቶቹን ገላለጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደንበኞች ልክ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይሄ ወፍራሙስ?»

«የልጄ ነው። የትልቋ።»

«ለአንዲት ልጅ ይህን ሁሉ?» ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። «ስንት ቀሚስ ቢኖራት ነው?»

የእናቴ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በመጨረሻ የሚጠይቅ ሰው ተገኘ!

«ሁሉም የሷ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጀርባውም የሷ፣ እጅጌውም የሷ! ለኔ አንድ እንኳ አልተቆረጠልኝም! ትንሽ ነሽ ይሉኛል! እሷን ብቻ ነው የሚወዷት!» እንባዬና ንፍጤ ተቀላቀለ። የተደፋውን ዱቄት በእግሬ ስደበድበው ቤቱ ጉም መሰለ።

ሰውዬው አየኝ፣ አየኝና ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። «የኔም ቤት እንዲሁ ነው» አለ ለጓደኞቹ። «ትንሿ አላስቀምጥ ብላኛለች።» ቢስቅም ሞኝ አልነበረም። አንዱን ጀርባ ከሚስማሩ አወረደና እታለምን «ዙሪ» አላት። ወረቀቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገው። ትከሻው ትከሻዋ ላይ፣ ወገቡ ወገቧ ላይ ቁጭ አለ። ወደ ሚስማሩ መለሰው።

«ለዚችም ስፊላት እንጂ፣ ሴትዮ። ልጅ ከልጅ አይለይም» ብሎ ወጣ።

ከመታጠፊያው እስኪሰወር በዓይኔ ሸኘሁት። ፍርድ የሚያውቅ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስመለስ እናቴ ዱቄቱ ላይ ተቀምጣለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ጎትታ አቀፈችኝና «ምላሶዬ፣ የኔ ምላሶ» ትለኛለች። የምትስቀው በኔ መሰለኝ፤ ታግዬ አመለጥኳት። በዚያው ሰሞን ከራሷ ሰማያዊ ጉርድ ላይ ቆርጣ ቀሚስ ሰፋችልኝ። ያምር ነበር። አልለብስም አልኩ። ጨርቅ ማን ጠየቀ? እኔ የጠየቅሁት ወረቀት ነው።

ከጊዜ በኋላ ክር ሻጯ መምጣት አቆመች። ጦርነቱም አበቃ። የሚመለሰው ተመለሰ፣ የሞተው ተለቀሰለት፤ አባቴ ግን ከሁለቱም ጋር ስሙ ሳይጠራ ቀረ። ጥቅሉ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። እናቴ ነገሩን የነገረችኝ አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ መርፌ ላይ ክር እያስገባች፣ እንደ ቀልድ። ሲገባኝ ቅናቴ የበረደ ይመስላችኋል? ባሰበት። በፊት በቀሚስ ነበር የቀናሁት፤ አሁን በአባቴ ሆነ። ልትሞት ስትል ደግሞ ጥቅሉን ለእታለም ሰጠቻት። «በልኳ ነው» አለች። ለኔ የስፌት መኪናውን ሰጠችኝ። ልጆቼን በመኪናው አሳድጌያለሁ፣ ውለታውን አልክድም፤ ግን መኪና አያወራም።

ዕድሜዬን ሁሉ አንዱንም ደብዳቤ አልሰማሁም። እታለምን «አንብቢልኝ» ስላት «ተጣብቋል» ትለኛለች። «ፍቺዋ!» ስላት ወሬ ትቀይራለች። ቋጣሪ! ልጆቿን ስትድር አጠገቧ ነበርኩ፣ ባሏን ስትቀብር አጠገቧ ነበርኩ፤ በዚህ ነገር ግን እንደተኳረፍን አረጀን።

በቅርቡ ልጇ ደወለችልኝ። አሮጌ ሰነድ የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። የጦርነቱን ጊዜ ደብዳቤዎች ከየቤቱ እየሰበሰቡ፣ እየጠገኑ፣ ሰው እንዲያያቸው ሊያደርጉ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዘመድም ቅጂ ይደርሰዋል።

«አክስቴ፣ ነይልኝ። እማ እምቢ አለች። አንቺን ትፈራለች።»

«እኔን? እሷ ፈጣሪዋንም አትፈራ» አልኳት፤ ጫማዬን ግን እያጠለቅሁ ነበር።

እታለም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጥቅሉን ጭኗ ላይ ይዛለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ትከሻዋ እንደ ድሮው ቀጥ ብሏል፤ ያናድዳል። ልጅቷ አንዱን ጀርባ ለምና ተቀበለቻትና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። ብርሃኑ በወረቀቱ መሀል በየቦታው ሾልኮ ወጣ።

«አየሽ፣ አክስቴ? ሙጫው ዱቄት ስለሆነ ብል ገብቶበታል። ከውስጥ እየበላው ነው። አሁን በእንፋሎት ካልፈታነው የሚተርፍ የለም።»

እናቴ ከሰው የደበቀችውን ለብል ስትቀልብ ኖራለች። ብል እንኳ አባቴን ከኔ በፊት አነበበው!

«ግማሹ የኔ ነው» አልኩ። «እኔም ልጁ ነኝ። ድርሻዬን ስጪኝ።»

«በልኬ ነው የተቆረጠው።»

«ልክሽ! እስቲ ልበሺዋ ታዲያ! ያ ወገብ የሄደው መቼ ነው፣ እታለም? አሁን እኮ ያ እጅጌ አውራ ጣትሽን አያስገባም።»

ልጅቷ ሳቋን ልትውጥ ፊቷን አዞረች።

«አፍሽን ያዢ» አለችኝ እህቴ።

«ስይዝ አይደል የኖርኩት! ንባቡ ላንቺ፣ ወረቀቱ ላንቺ፣ አባባ ላንቺ። ለኔ በርጩማ!»

ጥቅሉን ያዝኩ። ጎተትኩ፤ ጎተተች። ጥርስ የሌለን ሁለት አሮጊቶች እንደ ዶሮ ስንናጠቅ ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሁለታችንም ባንዴ ለቀቅን።

«ብል እንደገባበት የማላውቅ ይመስልሻል?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓይኔ ቢደክም እጄ አይዳስስም? እማዬ የመጨረሻውን ስታጣብቅ ምን አለች መሰለሽ። ‹ይህን የሚፈታው እሱ ነው፤ መጥቶ በእጁ ይፍታው› አለች። ስትሞትም ይህንኑ ነው ያለችኝ። እንግዲህ እኔ ከፈታሁት…»

ጥቅሉን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ከፈታችው አይመጣም ማለት ነው። ይህ እንዲገባኝ ተማሪ ቤት መግባት አላስፈለገኝም። እኔ ቋጣሪ እያልኩ ስሰድባት እሷ ትጠብቀው ነበር። ‹ቢመጣስ በምርኩዝ ነው በቃሬዛ?› ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ቃል ውጬ ስለማላውቅ አነቀኝ። በዚህም ቀናሁባት፤ እውነቱን ልናገር። እሷ የምትጠብቀው ሰው ነበራት። እኔን ማንም ጠብቂ ብሎኝ አያውቅም።

«አትፍቺው» አልኳት።

«አክስቴ!» አለች ልጅቷ ደንግጣ። ትረዳኛለች ብላ ነበር የጠራችኝ።

«አንቺ ዝም በይ። እታለም፣ ለእማዬ ስንት ጊዜ ትደግሚላት ነበር?»

«እስክትጠግብ።»

«ጠገበች?»

«የት ጠግባ!»

«እንግዲያው በቃልሽ ታውቂዋለሽ። ወረቀቱን ፍቺ አልኩሽ እንጂ ንገሪኝ ብዬሽ አላውቅም። ወረቀቱ ይቀመጥ፤ ብሉም ይብላ። አንቺ ንገሪኝ።»

ከዚያ ጥቅሉን በጣቶቿ እየፈለገች አንድ ጀርባ መዝዛ አወጣች። የትከሻውን ጠርዝ ዳሰሰች፣ የአንገቱን ዙሪያ ዳሰሰች፤ የትኛው እንደሆነ አወቀችው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ድምፅ መቅጃውን ከፈተችና በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«‹ለቤቴ ሰዎች› ይላል» አለች እህቴ ዓይኗን ጨፍና። «‹እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። የግራ ጫማዬ ተቀዷል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ዝናብ ሳይመጣ ጣራውን አስደፍኑት። ቆርቆሮ አናጺው ጋ አለ። አልሰጥም ካለ መዶሻዬን ወስዶ እንዳስቀረ ሰው ፊት ንገሩት፤ ያኔ ይሰጣችኋል።›»

ሳቅሁ። አላሰብኩበትም፣ ሳቁ ብቻውን ወጣ። ይህ ሰውዬ የኔን ምላስ ይዞ ነው የሄደው፤ ወይ እኔ የሱን ይዤ ቀርቻለሁ።

«‹ከዚህ ያለው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል። አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ነን፤ መሀል የሚተኛው በተራ ነው። ዛሬ ተራዬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ትልቋ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ትንሿ ደግሞ…›»

መዳፏ ወረቀቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ወገቡ ጋ ደርሶ ቆሟል።

«ትንሿ ምን?» አልኳት።

ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ከሌሎቹ ጋር ደራረበችው፣ ጥቅሉን በክሩ አሰረችው። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ከልጅነታችን ወዲህ ያላየሁት የተንኮል ፈገግታ ነበር።

«እታለም! ትንሿ ምን?»

«የደብዳቤው ሁለተኛ ወረቀት እጅጌው ላይ ነው» አለችኝ። «አሁን ደክሞኛል። ነገ ነይ።»